መልሶ የተነገረው ልክ ነበር

ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 አመሻሽ ላይ የቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ መቆጣጠሪያ ማማ ለአንድ የጃፓን ባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት አስተላለፈ፦ ቁጥር አንድ ነህ፣ እስከ ሲ5 መጠበቂያ ድረስ ሂድ። ከአውሮፕላኑ የመጣው መልስም ያው ነበር፦ እስከ ሲ5 መጠበቂያ፣ ቁጥር አንድ፣ አመሰግናለሁ። የተዛባ ቃል፣ የተዘለለ ቁጥር የለም። አውሮፕላኑ ግን መጠበቂያው ላይ አልቆመም። አልፎ ማኮብኮቢያው ላይ ወጣና አርባ ሰከንድ ያህል እዚያው ቆመ። በዚህ መሐል እንዲያርፍ የተፈቀደለት የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ከኋላው መጥቶ ወጣበት። ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ አውሮፕላኑ በእሳት ከመበላቱ በፊት ወጡ። የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ስለነበር አስተናጋጆቹ መንገደኞቹን ያስወጡት በእጅ ሜጋፎንና በጩኸት ነው።

የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ዋና አብራሪ ተርፏል፤ ማኮብኮቢያው ላይ እንዲወጣ የተፈቀደለት መስሎት እንደነበር ተናግሯል። «ቁጥር አንድ» በማማው አነጋገር ለመነሣት ከተሰለፉት የመጀመሪያው ነህ ማለት ነው፤ ግባ ማለት አይደለም። ነገር ግን በዋዜማው የኖቶ ልሳነ ምድር በርዕደ መሬት ተመቷል፤ ይህ አውሮፕላን የእርዳታ ዕቃ ሊያደርስ ነው የሚሄደው። ተራህ አንደኛ ነው ሲባል ቅድሚያ ተሰጠኝ ብሎ ቢያስብ የሚያስገርም አይደለም። የጃፓን ባለሥልጣናት ወዲያው ከወሰዷቸው አስቸኳይ እርምጃዎች አንዱ ተቆጣጣሪዎች የመነሻ ተራ ቁጥር መናገራቸውን ለጊዜው እንዲያቆሙ ማድረግ ነበር።

ስለ ማኮብኮቢያ ደኅንነት ሲወራ ሁልጊዜ የሚመጣው ምክር በግልጽ ተናገር፣ የሰማኸውን መልሰህ ንገር የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ሆኖም ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የደረሱትን ትላልቅ አደጋዎች በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው አንድ የማይመች ነገር ያገኛል። ቃል ጠፍቶ ወይም ተሳስቶ ተሰምቶ የደረሰው አደጋ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ብዙውን ጊዜ ቃሉ ደርሷል፣ ተደግሟልም፤ የተለያየው በተናጋሪውና በአድማጩ አእምሮ ውስጥ የነበረው ሥዕል ነው። መልሶ መንገር ጆሮን ይፈትናል እንጂ አእምሮን አይፈትንም። ይህ ዳሰሳ የሬዲዮ ንግግር ሕጎች የት ድረስ እንደሚያደርሱን፣ የት ላይ እንደሚያቆሙ ለማየት የሚሞክር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ማኮብኮቢያ ላይ ያለአግባብ መገኘትን የሚተረጉመው ሰፋ አድርጎ ነው፦ ለመነሣትና ለማረፍ በተከለለው ቦታ ላይ መገኘት የሌለበት አውሮፕላን፣ ተሽከርካሪ ወይም ሰው ከተገኘ ክስተት ነው፤ ግጭት ባይደርስም። እንዲህ ያለው ክስተት በትላልቅ ማረፊያዎች ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ጉዳት ሳያስከትል ያልፋል፤ ከመዝገብ በቀር የሚያስታውሰውም የለም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሎስ ሮዴዎስ ማረፊያ የደረሰው ነው። ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ አንዱ የኔዘርላንድስ ኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አም፣ ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ፤ 61 ተረፉ። በአቪዬሽን ታሪክ ከዚያ የከፋ ግጭት የለም። ሁለቱም ወደዚያ የመጡት የሚሄዱበት የግራን ካናሪያ ማረፊያ ቦምብ ፈንድቶበት በመዘጋቱ ነው። ትንሹ ሎስ ሮዴዎስ በእንግዳ አውሮፕላኖች ስለተጨናነቀና የዳር መንገዱ ስለተዘጋ፣ ሁለቱ ግዙፎች ወደ መነሻው ጫፍ የሄዱት በማኮብኮቢያው በራሱ ላይ ነበር። ኬኤልኤም ቀድሞ ጫፉ ላይ ደርሶ ዞረ። ፓን አም በሦስተኛው መውጫ እንዲወጣ ታዞ ከኋላ ይከተላል። ጭጋግ ወርዷል፤ ማማው ሁለቱንም አያይም፣ እርስ በርሳቸውም አይተያዩም። የምድር ራዳር አልነበረም። ያላቸው ሬዲዮ ብቻ ነበር።

የፓን አም አብራሪዎች መውጫው አንደኛው ነው ሦስተኛው ብለው ጠየቁ። ተቆጣጣሪው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጥሮ ሦስተኛው ነው አላቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር ከየት ይመጣል? ነገር ግን ሦስተኛው መውጫ ለ747 የማይመች፣ ወደ ኋላ የሚያጥፍ ሹል ኩርባ ነበር፤ አውሮፕላኑ አልፎት ወደ አራተኛው አመራ። በዚያው ቅጽበት ጫፉ ላይ የቆመው ኬኤልኤም የበረራ መስመር ፈቃድ ተሰጠው። ይህ ከተነሣህ በኋላ በየት በኩል እንደምትሄድ የሚናገር ፈቃድ እንጂ ተነሣ የሚል አይደለም። ሆኖም በውስጡ «ከቴክኦፍ በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚል ነበረበት። ረዳት አብራሪው መልሶ ሲነግር መጨረሻው ላይ አሁን ቴክኦፍ ላይ ነን የሚል፣ እንዴትም ሊተረጎም የሚችል ሐረግ ጨመረ። ተቆጣጣሪው «እሺ» ብሎ ትንሽ ቆም አለ፤ ቀጥሎም ለቴክኦፍ ተጠባበቅ፣ እጠራሃለሁ አለ። ፓን አምም ነገሩ አስግቶት ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን አለ። ሁለቱ እኩል ተናገሩ። ኬኤልኤም የሰማው እሺን ነው፤ የቀረው በፉጨት ተዋጠ።

ስለዚያ ፉጨት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የአቪዬሽን ሬዲዮ እስከ ዛሬ በኤኤም ነው የሚሠራው፤ ለሙዚቃ የለመድነው የኤፍኤም ጥራት የለውም። ይህ ግን ኋላ ቀርነት ብቻ አይደለም። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች እኩል ቢናገሩ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል፤ ሌላ ሰው መናገሩን የሚያውቅ አይኖርም። በኤኤም ግን ሁለቱ ሞገዶች ተላትመው ፉጨት ይፈጥራሉ፤ ፉጨቱ የሆነ ነገር አምልጦኛል ብሎ ለመጠየቅ ምልክት ነው። ቴኔሪፍ ላይ ምልክቱ መጣ፤ ከኬኤልኤም በኩል የጠየቀ አልነበረም።

የሚጠይቅ ግን ቆይቶም ቢሆን ተገኝቶ ነበር። ፓን አም ከማኮብኮቢያው ስንወጣ እናሳውቃለን ሲል የሰማው የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ፣ ታዲያ ያ ፓን አሜሪካን አልወጣም ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ። ዋና አብራሪው ያኮብ ፌልድሃይዘን ፋን ዛንተን ወጥቷል ብሎ ቀጠለ። ይህ ሰው የኩባንያው ከፍተኛ አሠልጣኝ አብራሪ፣ በማስታወቂያዎቹም ፎቶው የሚወጣ ነበር። እንዲህ ያለ አለቃ ፊት የበታች ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። ከዚህና ከሌሎች ተመሳሳይ አደጋዎች ተነሥቶ በ1979 የናሳ ዐውደ ጥናት የቡድን አሠራር ሥልጠና ሐሳብ አነሣ፤ በ1981 ዩናይትድ ኤርላይንስ በሥራ ላይ አዋለው። እኔ ስመዝነው ከቴኔሪፍ በኋላ ከመጡት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ከሬዲዮ ቃላት ለውጥም ይበልጣል። ሬዲዮው ሲሳሳት የሚያርመው በአውሮፕላኑ ክፍል ውስጥ የሚናገር ሰው ነውና።

የቃላቱ ለውጥም ቀላል አልነበረም። «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ከሁለት ጊዜ በቀር እንዳይነገር ተደረገ፦ የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥና ሲሰረዝ። በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። ወደ ማኮብኮቢያ መግባት፣ ማቋረጥ፣ ከፊቱ መቆም፣ መነሣትና ማረፍን የሚመለከት መመሪያ ሁሉ ከነመጠሪያው መልሶ መነገር አለበት፤ «ሮጀር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ተቆጣጣሪውም መልሱን የማድመጥ ግዴታ አለበት። ቁጥሮችም የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ዘጠኝ «ናይነር»፣ ሦስት «ትሪ»፣ አምስት «ፋይፍ» ተብለው የሚጠሩት በጩኸትና በጭረት መካከል እንዳይምታቱ ነው። ይህ ለሚስቅበት ሰው የኩዋላ ላምፑሩን አደጋ ማንሣት ይበቃል። በ1989 ወደ ከተማዋ ይወርድ የነበረ የፍላይንግ ታይገር የጭነት አውሮፕላን ወደ 2,400 ጫማ ውረድ ሲባል፣ «ቱ» የሚለው የእንግሊዝኛ ድምፅ ቁጥር ይሁን መስተዋድድ ሳይለይ ቀርቶ አብራሪዎቹ 400 ጫማ ብለው ሰሙ። ኮረብታ መትተው አራቱም ሞቱ። የአትላንታ ማረፊያም ብልሃት ነበረው። ሌላ ቦታ «ዴልታ» የሚባለውን የአውሮፕላን መሄጃ (ታክሲዌይ) እዚያ ለረጅም ጊዜ «ዲክሲ» ይሉት ነበር፤ ዴልታ አየር መንገድ ከተማውን ስለሞላው።

አሜሪካ ግን ለረጅም ጊዜ የራሷን መንገድ ስትሄድ ቆይታለች። እስከ 2010 ድረስ ማኮብኮቢያው ላይ ገብተህ ጠብቅ የሚለው ትእዛዝ እዚያ «ፖዚሽን ኤንድ ሆልድ» ነበር። ችግሩ «ሆልድ ፖዚሽን» የሚል ሌላ ትእዛዝም መኖሩ ነው፤ ትርጉሙም ባለህበት ቁም። ሁለቱ ትእዛዞች ተቃራኒ ናቸው፣ ልዩነታቸው ከሞላ ጎደል የቃላት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ከሌላ ቋንቋ የመጣ አብራሪ ከሌሊት በረራ በኋላ ይህን እንዲለይ መጠበቅ ፌዝ ነበር። በሴፕቴምበር 2010 በዓለም አቀፉ «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» ተተካ። በዚያው ዓመት በጁን ደግሞ ሌላ አሮጌ ልማድ ቀረ፤ ወደዚህ ማኮብኮቢያ ሂድ የተባለ አውሮፕላን በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች ማኮብኮቢያዎች ሁሉ እንዲያቋርጥ እንደተፈቀደለት ይቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ማቋረጥ ለየብቻ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል የእንግሊዝኛ ብቃት ጉዳይ አለ። በ1990 ኮሎምቢያዊው አቪያንካ 52 ነዳጁ ሲያልቅበት አብራሪዎቹ ድንገተኛ አደጋ ብለው ባለማወጃቸው ኒው ዮርክ አቅራቢያ ወድቆ 73 ሰዎች ሞቱ። በ1996 በህንድ ቻርኪ ዳድሪ ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 349 ሰዎች ጠፉ። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው በኋላ ዓለም አቀፉ ድርጅት በ2003 የቋንቋ መመዘኛ አጸደቀ፤ ከማርች 2008 ጀምሮም ተግባራዊ ሆነ። ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ አራተኛው ያስፈልጋል። ከአነጋገር እስከ ማድመጥ ስድስት ክህሎቶች ይመዘናሉ፤ ውጤቱም ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው። አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈተናል።

መመዘኛው አስፈላጊ ነበር። ሆኖም ሳያስበው አንድ የተሳሳተ እምነት አጠናክሯል ብዬ አምናለሁ፦ ግልጽ የሬዲዮ ንግግር ማለት ጥሩ እንግሊዝኛ ማለት ነው የሚል። ስድስተኛ ደረጃ ላይ ያለው የቋንቋው ባለቤት ከዳግም ፈተና ነፃ ነው፤ ግን በፍጥነት የሚናገረው፣ ቃል የሚያሳጥረው፣ በቀልድ የሚያዋዛው፣ ከተደነገገው ሐረግ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የኒው ዮርክን ኬኔዲ ማማ ቀረጻ ያዳመጠ ይህን ያውቃል። በዚያው ማረፊያ ጃንዋሪ 13 ቀን 2023 የሆነውን እንይ። ከተቆጣጣሪዎቹም ሆነ ከአብራሪዎቹ በኩል የቋንቋ ችግር የሌለበት የአሜሪካን አየር መንገድ ቦይንግ 777 አንድ ማኮብኮቢያ እንዲያቋርጥ ተነገረው። መልሶ የነገረው ልክ ነበር። ነገር ግን ያቋረጠው ሌላውን፣ የዴልታ አውሮፕላን ለመነሣት የሚንደረደርበትን ነው። የምድር ራዳሩ ጮኸ፤ ተቆጣጣሪው እየጮኸ ፈቃዱን ሰረዘ፤ ዴልታ ቆመ። ዓለም አቀፉ ደንብ ለሚንደረደር አውሮፕላን የሚያዝዘው ቃል ፈቃዱን መሰረዝ ሳይሆን ወዲያው ቁም የሚለው ነው። ማንም አልተጎዳም፤ የዚያን ዕለት ሕይወት ያተረፈው የተቆጣጣሪው የድምፅ ቃና ነው ማለት ይቻላል።

እንግሊዝኛ የሚያስፈልግበት ሌላ፣ ከጥራት ይልቅ የሚከብድ ምክንያት አለ። የማማው ሞገድ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፤ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሁሉም ይሰማል። አብራሪው ለሌላው የተነገረውን እየሰማ በአእምሮው የማረፊያውን ሥዕል ይሠራል። ሜይ 25 ቀን 2000 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አንድ ትንሽ የጭነት አውሮፕላን፣ ሾርትስ 330፣ ማኮብኮቢያው ላይ እንዲገባ በእንግሊዝኛ ተነገረው፤ በዚያው ማኮብኮቢያ ይነሣ ለነበረው የኤር ሊበርቴ ኤምዲ83 ፈቃዱ የተሰጠው በፈረንሳይኛ ነበር። ተቆጣጣሪው ሾርትሱ ከጫፉ የሚገባ መስሎታል፤ እሱ ግን ከመሐል መግቢያ ገባ። የኤምዲ83 ክንፍ የሾርትሱን የአብራሪ ክፍል መታ፤ ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ሞተ። ፈረንሳይኛ የማይሰሙት የሾርትስ አብራሪዎች ሌላ አውሮፕላን ወደ እነሱ መምጣቱን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ለፍትሕ ያህል ሌላውን ወገንም እናንሣ። በካናዳ ኩቤክ ሰማይ ላይ ፈረንሳይኛ ይነገር አይነገር የሚለው ክርክር በ1976 አብራሪዎችንና ተቆጣጣሪዎችን ለሥራ ማቆም አድርሶ ነበር፤ ተከትሎ የተሾመው አጣሪ ኮሚሽን በ1979 በሁለት ቋንቋ መሥራት ደኅንነትን አይጎዳም አለ። በቋንቋው የሚተማመን አብራሪ በጭንቅ ሰዓት የበለጠ ይናገራል የሚለው መከራከሪያ ተራ አይደለም። ማኮብኮቢያ ላይ ግን እኔ ከሾርትሱ አብራሪዎች ጋር ነኝ። የጋራ ጆሮ ምን እንደሚሠራ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 በቴክሳስ ኦስቲን ታይቷል። በጭጋግ ለማረፍ የሚቃረብ የፌዴክስ ቦይንግ 767 እያለ፣ ተቆጣጣሪው በዚያው ማኮብኮቢያ የሳውዝዌስት አየር መንገድ አውሮፕላን እንዲነሣ ፈቀደ። የፌዴክስ አብራሪዎች ይህን በዚያው ሞገድ ሰምተው የማረፍ ፈቃዳችን እንደጸና ነው? ብለው ጠየቁ። እንደጸና ነው ተባሉ፤ እነሱ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። በመጨረሻ ከፊታቸው የአውሮፕላን መብራት አይተው ራሳቸው ሳውዝዌስት፣ አቁም ብለው ወደ ላይ ተመለሱ። በሁለቱ መካከል የቀረው ከ200 ጫማ በታች ነበር።

አሁን ወደ ሚላን። ኦክቶበር 8 ቀን 2001 ሊናቴ ማረፊያ በወፍራም ጭጋግ ተሸፍኗል። አንዲት አነስተኛ የሴስና ጄት በአር5 መንገድ እንድትሄድ ታዘዘች፤ አብራሪው አር5 ብሎ መልሶ ነገረ፤ የሄደው ግን በአር6 ነው። ይህ መንገድ ዋናውን ማኮብኮቢያ ያቋርጣል። በመንገዱ ላይ መሬቱ ላይ የተቀባ ኤስ4 የሚል ምልክት አይቶ እዚያ መድረሱን ለማማው ተናገረ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሊተርፍ ይችል የነበረው፤ አብራሪው ሳያውቅ የት እንደጠፋ በትክክል ተናግሯልና። ተቆጣጣሪው ግን ኤስ4ን አያውቀውም፤ በእጁ ባለው ካርታ ላይ የለም። የት እንዳለ እንደሚያውቅ አምኖ ቀጥል አለው። ጄቷ ማኮብኮቢያው ላይ ስትወጣ የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ኤምዲ87 ሊነሣ እየተንደረደረ ነበር። ከምድር ሠራተኞች ጋር 118 ሰዎች ሞቱ። የድሮው የምድር ራዳር ከአገልግሎት ወጥቶ አዲሱ ሥራ አልጀመረም ነበር። በዚህ አደጋ ተቆጣጣሪውን ወይም አብራሪውን ብቻ የሚወቅስ ሰው ምልክቱን የቀባውን፣ ካርታውን ያላደሰውን፣ ራዳሩን ያዘገየውን መሥሪያ ቤት ነፃ ያወጣል።

ከእኛው ዘንድም ለዚህ የሚቀርብ ክስተት አለ። ኤፕሪል 4 ቀን 2021 ወደ ዛምቢያ ንዶላ የበረረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ግንባታው ባላለቀው፣ ገና ባልተከፈተው የኮፐርቤልት ማረፊያ አረፈ። የዛምቢያ ባለሥልጣን በወቅቱ እንደገለጹት ማማው አናይህም እያለው ነበር። ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ አብራሪውና ተቆጣጣሪው ያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው። አናይህም የሚለው መልስ አቁሞ ማጣራትን የሚጠይቅ ነው፤ በሁለቱም ወገን።

ሬዲዮ ሌላም ድክመት አለው፤ የተረሳን አያስታውስም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 በሎስ አንጀለስ አንዲት ተቆጣጣሪ አንድ አነስተኛ የስካይዌስት አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ገብቶ እንዲጠብቅ አዘዘች። ሥራ በዛባት፣ ሌላ ተመሳሳይ አውሮፕላን ፍለጋ ጊዜዋን ወሰደባት፣ ረሳችው። በዚያው ማኮብኮቢያ ለዩኤስኤየር 737 የማረፍ ፈቃድ ሰጠች፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ቃላቱ ሁሉ በደንቡ መሠረት ነበሩ። እስኪጠሩ መጠበቅ የታዘዙ ሰዎች ዝምታውን እንደ ደኅንነት ወሰዱት። ማኮብኮቢያ ላይ ቆሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ያልተጠራ አብራሪ እዚህ ነኝ ብሎ የማስታወስ ልማድ ሊኖረው ይገባል የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ከሰው ድምፅ ውጭ የሆነ። ቀላሉ መጠበቂያው ላይ መሬት ውስጥ የሚቀበር ቀይ የመብራት ረድፍ ነው። ተቆጣጣሪው ግባ ቢልም ቀዩ እስካልጠፋ አይታለፍም፤ ቃልና መብራት ሲጣሉ መብራቱ ይጸናል። አሜሪካውያን 20 በሚሆኑ ትላልቅ ማረፊያዎች የተከሉት መብራት ደግሞ ተቆጣጣሪውን እንኳ አይጠይቅም፤ ራዳሩ ማኮብኮቢያው መያዙን ሲያውቅ በራሱ ቀይ ይሆናል። መሣሪያም ግን ፍጹም አይደለም። ሃኔዳ ላይ የሲ5 ቀይ መብራቶች በጥገና ምክንያት አይሠሩም ነበር፤ ማኮብኮቢያው መያዙን የሚያሳየው የማማው ስክሪን ግን ሠርቷል፣ ቀለሙን ቀይሮ ብልጭ ብሏል። ያየው ሰው አልነበረም። ጃፓን ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ብቻ የሚከታተል ተቆጣጣሪ መደበች።

የተረሳው ወገን ሹፌሩ ነው። ኖቬምበር 18 ቀን 2022 በፔሩ ሊማ የእሳት አደጋ መኪኖች የፍጥነት ልምምድ ላይ ሆነው ማኮብኮቢያው ላይ ሲገቡ፣ ለመነሣት የሚንደረደር የላታም ኤርባስ አንዱን መታው። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወዲያው ሞቱ፣ ሦስተኛውም ኋላ ሕይወቱ አለፈ፤ መንገደኞቹ ተረፉ። ልምምዱ ምስጢር አልነበረም፤ የጎደለው በማማውና በመኪኖቹ መካከል ቅንጅቱ ነው። አውሮፓውያን ከሊናቴ በኋላ በ2003 ባወጡት የድርጊት መርሐ ግብርና በተከታዮቹ እትሞች የሚያራምዱት ሐሳብ ለዚህ መልስ ይሆናል፦ አንድ ማኮብኮቢያ፣ አንድ ሞገድ፣ አንድ ቋንቋ። ማኮብኮቢያውን የሚነካ ሁሉ፣ አብራሪም ሆነ ጎታች መኪና ነጂ፣ በአንድ ሞገድ ይናገር፣ ሁሉም ሁሉንም ይስማ።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቦሌ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ይጠራሉ፣ የሚለያቸው ግራና ቀኝ የሚለው ቃል ብቻ ነው። አብዛኛው አውሮፕላንም የአንድ አየር መንገድ ስለሆነ በሬዲዮ ሁሉም «ኢትዮጵያን» ብሎ ይጀምራል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። ሌሊት ላይ ብዙ በረራዎች ተከታትለው ሲነሡ፣ በአንድ አሐዝ የሚለያዩ ሁለት መጠሪያዎች እኩል መሰለፋቸው የማይቀር ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ማረፊያ ደግሞ በመጨረሻ አራት ማኮብኮቢያዎች እንዲኖሩት ታስቧል። መብራቱና ራዳሩ በጀት ይመደብላቸዋል ብዬ እገምታለሁ፤ የሚታይ ነገር ነውና። የሚያሳስበኝ ሹፌሩ ነው። ሣር የሚያጭድ፣ ጎማ የሚጎትት፣ መብራት የሚጠግን ሠራተኛ በአማርኛ በተለየ ሞገድ ቢነጋገር ለእሱ ይቀለዋል፤ ለሚያርፈው አብራሪ ግን የለም ማለት ነው። ሹፌሩ እንግሊዝኛ አዋቂ መሆን አያስፈልገውም። አሥር ያህል ሐረጎች፣ የመኪናው መጠሪያ፣ የማኮብኮቢያው ቁጥርና የቆመበት ቦታ ስም ይበቁታል፤ ይህን ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ማሠልጠን ይቻላል። ዋጋውም ከአንድ ረድፍ ቀይ መብራት ያነሰ ነው።